«እርስዎ» ማለት ሲያቅተኝ

የመጀመሪያው ምልክት አባቴን «አንተ» ማለቴ ነው።

ለዘውድ በዓል ሰልፍ ከትምህርት ቤት ይርጋ ጨፌ ሄደን ስንመለስ ከጭነት መኪና ላይ በጭንቅላቴ ወደቅኩ። ተነሥቼ ሳቅኩ። ማታ ራሴን ፈለጠኝ፤ አስመለሰኝ። ጠዋት አባቴ ውሃ ሲሰጡኝ «አንተ፣ ወዲያ በል» አልኳቸው። አባቴ ዲላ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ደፍሬ ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም። እናቴ በጥፊ ልትለኝ እጇን አነሣች። ያኔ ኩባያው ከቀኝ እጄ ወደቀ። እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ጸጉሬን ላጩ። የራስ ቅሌን በሱ። ሌላውን አላውቅም።

ስነቃ ሐኪሙ እንዲህ አሉኝ፦ «ሄማቶማ ነው። ደም ተቋጥሮ አንጎልሽን ሲጫነው ነበር፤ አውጥተነዋል። ቃላት ይጠፉብሻል፤ ይህ አፌዥያ ይባላል። ብዙዎቹ ይመለሳሉ። ሁሉም ግን ላይመለሱ ይችላሉ።»

እጄ ተመለሰ። ስሞች ተመለሱ። «እርስዎ» ቀረ። ልቤ ያውቀዋል፣ ምላሴ «አንተ» ብሎ ይወጣል። ርእሰ መምህሩን በክፍሉ ሁሉ ፊት «አንተ» ካልኩ ወዲያ እንደ ዲዳ ዝም አልኩ። አባቴ ብቻ «አንተ» ስላቸው ትልቅ ሰው እንደጠራቸው ሁሉ «አቤት!» ይሉኛል።

ማርታ የምትባል ሴት ይርጋ ጨፌ አጠገብ ካለው ኮንጋ ከሚባል መንደር ልብስ ልታሰፋ መጥታ ይህን ሰማች። ባሏ በራሶ ከዛፍ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ ሰው ይሳደባል አሉ። ወንድሞቹ ከምሰሶ አስረውታል፤ እሑድ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ጋኔን አለበት ብለው ሊወስኑ ነው። «ሐኪም ቤት ይሂድ ብል ማን ይሰማኛል? አንቺ ተምረሻል፣ ነይና ንገሪልኝ» አለችኝ።

እምቢ ለማለት አፈርኩ። ማንንም ላለመጥራት «እኔ» እና «እኛ» ብቻ ያለበት ንግግር አጠናሁ። እሑድ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ቆሜ፣ ሻሼን ፈትቼ ጠባሳዬን አሳየሁ፤ ስለ ደሙ፣ ስለ አንጎሉ ተናገርኩ። ደህና እየሄደልኝ ነበር። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አቶ ጅግሶ «ልጄ፣ ጋኔን አለመሆኑን በምን እናውቃለን?» ብለው ጠየቁኝ።

«አንተ...» አልኩ።

ላርም ብዬ «አንቺ» አልኳቸው።

ከኋላ አንዱ «ወይ ትምህርት!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማርታ ብድግ አለች። «እንደዚህ ነው! የኔ ባል ልክ እንደዚህ ነው! ልቡ ያከብራችኋል፣ አፉ እምቢ ይለዋል!»

አቶ ጅግሶ ጠባሳዬን ብዙ አዩት። «ይህችም ጋኔን አለባት?» አሉ። «የለባትም» አሉ ሽማግሌዎቹ። «እንግዲያው ፍቱት። ነገ በመኪና ሐኪም ቤት ይሂድ።»

ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ደስ አላለኝም። ያጠናሁት ንግግርማ ገደል ገባ፤ በራሶን ያስፈታው ውርደቴ ነው። ዛሬም በየጸሎት ቤቱ እየተጠራሁ እናገራለሁ፤ ዛሬም ገና ስቆም ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይግላል። አልለመድኩትም። በራሶ ግን አሁን ገበያ ይወጣል፤ ሲያገኘኝ «አቶ» ይለኛል፣ እኔም «አቤት» እለዋለሁ።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ስሙኝ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ስቆ ቢነሣ አትመኑት። ካስመለሰው፣ ንግግሩ ከተለወጠ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ባለጌ ብላችሁ አትምቱት። በሰው ፊት አታርሙት። ሲጠራችሁ፣ በምንም ቢጠራችሁ፣ አቤት በሉት።

ሐኪሙን ፊት ለፊት አላመሰገንኳቸውም፤ ምላሴን ፈርቼ ነው። ወረቀት ላይ ግን መሰረዝ ይቻላል። አሁንም «አንተ» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት።

ዶክተር፣ እርስዎ ያተረፉኝ ልጅ ነኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።