ሉፕ የተማርኩበት ክረምት

ታላቅ ወንድሜ ላፍቶ አካባቢ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነበር። እኔ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር፣ ከተከራየነው ቤት ብዙም ሳልርቅ፣ ልብስ ቤት ተቀጥሬ እሸጥ ነበር። ወላጆቻችን ደቡብ፣ አገር ቤት ናቸው፤ እዚህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ዓይኑ የደከመው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ደረጃ ይስት ነበር፤ ቀጥሎ ታክሲ ውስጥ ባዶ ወንበር መስሎት ሰው ላይ መቀመጥ ጀመረ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ ጠብታውም የቀረውን ለማቆየት ብቻ እንደሆነ ነገረን። ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፤ ትምህርት ቤቱ እንዳይሰማ።

ክረምት ሲገባ ስክሪን ማንበብ አቃተው። ለመስከረም ለጀማሪዎች ፓይተን የሚባል የኮምፒውተር ማዘዣ ቋንቋ ትምህርት ማዘጋጀት ነበረበትና እንዳነብለትና እንድጽፍለት ለመነኝ። ከሥራ ስመለስ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ፊደሉን አንድ በአንድ ይነግረኛል፣ እኔ እየፈለግሁ እጫናለሁ። የምጽፈው ነገር ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሉፕ ላይ ደረስን። ኮምፒውተር አንድን ሥራ እየደጋገመ እንዲሠራ የሚታዘዝበት መንገድ ነው አለኝ። ከአንድ እስከ አምስት ቆጥሮ የሚያቆም አጭር ነገር አጻፈኝ። እንዲሠራ ሳዘው ግን አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ ስክሪኑን ሞላው፤ አልቆምም አለ። ወንድሜ አንብቢልኝ አለ። አነበብኩለት። ልክ ነው አለ። ደግሜ አነበብኩ፣ አሁንም ልክ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሱ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ጎንበስ ብሏል። በመጨረሻ ጠረጴዛውን መታና መስመር እየዘለልሽ ነው ብሎ ተቆጣኝ። አልዘለልኩም ነበር። እንባዬ መጣ።

ያኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የመጨረሻዋ መስመር ገባ ብላለች ወይስ ዳር ላይ ናት?" አለኝ።

"ዳር ላይ ናት። ባዶ ቦታም ይነበባል እንዴ?"

ፊቱን ከስክሪኑ አራቀ። ከዚያ በእርጋታ አስረዳኝ። የሚደጋገመው ገባ ተብሎ የተጻፈው ብቻ ነው። ቁጥሩን የምታሳድገው መስመር ዳር ስለቀረች ኮምፒውተሩ ተራዋ ጋ መድረስ አልቻለም፤ አንድ ላይ ተቸክሎ ቀረ። ወደ ውስጥ አስገባኋት። አምስት ላይ ደርሶ ቆመ። ከደስታዬ ብዛት ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። "ይህን ስህተት ከበር ላይ ቆሜ አይቼ ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር" አለ። "ክፍል ውስጥ ማን ያነብልኛል?"

ከዚያ ወዲያ ባዶ ቦታውንም ጭምር አነብለት ጀመር። የማባዣ ሰንጠረዥ የሚያወጣ ሉፕ ብቻዬን ጽፌ አሳየሁት፤ ማለቴ፣ አሰማሁት። ጎበዝ አለኝ።

መስከረም ላይ በቃሉ እያስተማረ ጥቂት ቆየ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ እንደቆመች፣ እሱ ሳያያት ክፍለ ጊዜው አለቀ፤ ልጆቹም ነገሩን ለቤተሰቦቻቸው አወሩ። ርእሰ መምህሩ ጠርቶት በለሰለሰ አንደበት ከማስተማር እንዲያርፍ ነገረው። ወንድሜ ያንን ችሎት ነበር። ያላስቻለው፣ ሰውየው ክንዱን ይዞ ተማሪዎቹ እያዩት እስከ ግቢው በር መሸኘቱ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ጸለዩለት። ከጸሎት በኋላ የተለወጠ ነገር እንዳለ ሲጠይቁት፣ ላለማሳፈር ትንሽ ብርሃን ይታየኛል ይላቸው ነበር። ኅዳር ላይ ወደ ወላጆቻችን ሄደ። አውቶቡስ ላይ አሳፍሬው አጠገቡ የተቀመጡትን እናት አደራ አልኳቸው።

ኮምፒውተሩን ለእኔ ትቶልኛል፤ ከሥራ መልስ እየከፈትኩ እሞክራለሁ። በቅርቡ ስደውልለት ሉፕ ውስጥ ሌላ ሉፕ እንዴት እንደሚገባ ጠየቅሁት።

"ረስቼዋለሁ" አለኝ።

እንዳልረሳ አውቃለሁ። ሌላ የምለው ስፈልግ ስልኩን ለእናታችን ሰጣት።