ጀልዴሳ ላይ የጨመርኩት ቃል

ልጅ ነበርኩ፣ መቁጠር ግን እንደ ትልቅ ሰው እወድ ነበር። መጋላ ሰፈር ከነበረው ቤታችን እስከ ጸሎት ቤቱ ያለውን እርምጃ እቆጥራለሁ፤ ደረቁን ወንዝ ስንሻገር የምናገኛቸውን ፍየሎች እቆጥራለሁ፤ እሑድ ጠዋት ባዶ የሚቀሩትን አግዳሚዎችም እቆጥራለሁ። አግዳሚዎቹ ዘጠኝ ነበሩ፣ እኛ አሥራ አራት። ዛሬ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ማንም ሳይረዳኝ የራሴን ሱቅ የከፈትኩት በዚሁ ጠባዬ ነው ይሉኛል። ይኸው ጠባዬ ምን እንዳደረገ ግን ማንም አያውቅም።

ያሳደገኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደምሴ ነው። ቀን በምድር ባቡር ጋራዥ ይሠራል፤ አመሻሽ ላይ ፋኖሱን ግቢው መሃል ይሰቅልና፣ እራት የበሰለበት ፍም ገና ሳይከስም፣ ለግቢው ልጆች፣ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይነግረናል። ያኔ የላምባው ሽታ ከእጁ ከማይለቀው ግራሶ ጋር ይቀላቀል ስለነበር፣ እስከ ዛሬ የኖኅ መርከብ ሲነሣ ግራሶ ግራሶ ይሸተኛል።

አነጋገሩ ግን ደረቅ ነበር።

«ጋሼ፣ የበለዓም አህያ ቀለሟ ምን ነበር?»

«አልተጻፈም።»

«ስሟስ?»

«አልተጻፈም አልኩሽ እኮ።»

የጎረቤታችን ልጅ አብዲ ታዲያ አላስችለው ይላል። «ወላሂ ጋሽ ደምሴ፣ የኔ አያት ብታወራው አህያዋ እስካሁን ለፍልፋ አትጨርስም ነበር!»

ሁላችንም እንስቃለን፤ እሱም ፈገግ ይላል። «እንግዲያው ለአህያ ወሬ አያትህ ዘንድ ሂድ። እኔ ያለኝ የተሰጠኝ ብቻ ነው።»

ይህ ግትርነቱ ከእምነቱ የመጣ ነበር። እኛ ሉተራኖች፣ ይለን ነበር፣ ቄሱም ጉባኤውም ጳጳሱም የሚዳኙት በመጽሐፉ ነው እንላለን፤ በእሱ ላይ ግን ዳኛ የለም። የሰውን ልብ የሚከፍተው ራሱ ቃሉ ነው እንጂ የተናጋሪው ብልሃት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሥራ ቃሉን ላልሰማው ማድረስ ነው፤ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ። ካላደረሰች ጣሪያና ግድግዳ ብቻ ናት። እሱም ያደርስ ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ ያመጣቸው ሰዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጅቡቲ ሄዶ ቀረ። ይህንንም የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

አሥር ዓመቴ ላይ ጀልዴሳ ወደምትባል የሶማሌዎች መንደር ይዞኝ ሄደ። እዚያ አዴር ዑስማን የሚባሉ የወተት ነጋዴ ወዳጅ ነበሩት፤ እስላም ናቸው፣ የነቢያት ታሪክ ሲነገር ግን ደስ ይላቸዋል። ጋሽ ደምሴ ከሰላምታ ያለፈ ሶማሊኛ ስለማያውቅ፣ መጋላ ከልጆች ጋር ስጫወት ቋንቋውን የለመድኩት እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ዕለቱ ረቡዕ፣ የበዓል ዕረፍት ነበር። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከብቶቹ ገቡ፤ የግራር እንጨት ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ስለ ኢያኢሮስ ልጅ፣ ሞታ ስለተነሣችው፣ ይነግራቸው ጀመር። እሱ አንድ ሲል እኔ ሦስት እላለሁ። ግመል ጨመርኩ፤ የምታለቅስ አክስት ጨመርኩ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ እሳቱ ጠጋ ሲሉ አየሁ። እኔን የሚያርም ሰው አልነበረም።

ኸድራ የምትባል ወጣት እናት ከኋላ ተናገረች። «ይህ ነቢይ ዛሬም ይመጣል? የኔን ልጅ ትኩሳት ይዞት አልለቅ ብሎታል።»

ተረጎምኩለት። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞረ።

«ስንለምነው እንደሚሰማን ተጽፏል። ይህን ልጅ በዚህ ቀን አድነዋለሁ ብሎ ግን አልጻፈልንም። እኔ እጸልያለሁ፤ አንቺ ግን ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂው በያት።»

ወደ ኸድራ ዞርኩ። ዓይኗ አፌ ላይ ነበር። ዘጠኝ አግዳሚ፣ አሥራ አራት ሰው፣ ሰባት ዓመት፣ ሁለት ሰው።

«ይመጣል» አልኳት። «እሑድ ጸሎት ቤታችን አምጪው። ይነሣል።»

ፊቷ በራ። ጋሽ ደምሴም አይቶ ትከሻዬን ያዘኝ፤ «አየሽ? ቃሉ እንዲህ ነው» አለኝ።

እሑድ መጣች። ሌሊት በጭነት መኪና ተነሥታ፣ ልጇን አዝላ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አሥራ አምስት አልኩ በልቤ፤ ከልጁ ጋር አሥራ ስድስት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ስብከቱ አለቀ፣ መዝሙሩ አለቀ፤ እሷ በሩን እያየች ትጠብቃለች። ጋሽ ደምሴ ሊጨብጣት ሲጠጋ ነጠላውን ገለጥ አደረገና የልጁን ግንባር ነካ። ከዚያ ልጁን ከጀርባዋ አውርዶ እስከ ሆስፒታል ሮጠ። እኛም ተከተልን። ልጁ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሞተ።

ኸድራ ኮሪደሩ ላይ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞረች። «እሑድ ነው አላልሽኝም? እኔ እኮ አራት ቀን የጠበቅኩት እሑድ ስላልሽኝ ነው።»

«ምን አለች?» አለኝ ጋሽ ደምሴ።

ያን ጊዜ ብቻ፣ ምንም ሳልጨምር ተረጎምኩ።

አልመታኝም። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። አስከሬኑን ይዞ ከእሷ ጋር ጀልዴሳ ሄደ፤ ምን እንዳላቸው አላውቅም፣ አስተርጓሚ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ እዚያ አልተመለሰም። አብዲ «ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬስ ታሪክ የለም?» ሲለው «ደክሞኛል» ይለዋል፤ ፋኖሱም ቤት ውስጥ ቀረ። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ጠርቶኝ፣ «ይቅር ተብለሻል። ከራሴ የጨመርኩት አይደለም፤ ተጽፏል» አለኝ። ስለ ጥፋት ውኃው አምኜዋለሁ፣ ስለምትናገረው አህያም አምኜዋለሁ። ይህችን ግን ማመን አቃተኝ፤ አሁንም አቅቶኛል።

ዛሬ አግዳሚዎቹ አርባ ደርሰዋል፣ ሰው ይሞላቸዋል፤ መቁጠር ትቻለሁ። ባለፈው ወጣቱ ወንጌላዊያችን ሱቄ መጥቶ፣ «እማማ፣ እርስዎ ሶማሊኛውን ያውቁታል፤ ጀልዴሳ አብረውን ቢሄዱ» አለኝ። በጉልበቴ አመካኘሁ። በዚያው ሳምንት ከአንዲት ደንበኛዬ ጋር በሶማሊኛ ስከራከር፣ የወተት ጀሪካን የያዘች አሮጊት በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ ትሰማ ነበር። በዓይኗ አወቅኳት። ኸድራ ናት።

«አንቺ የዚያ ሽማግሌ ልጅ አይደለሽም?» አለችኝ። «ደህና ነው?»

ጋሽ ደምሴ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

«ሶማሊኛ አልችልም» አልኳት፣ በአማርኛ።

አንዴ እኔን፣ አንዴ ደንበኛዬን አየች። ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች። አካሄዷ ዝግ ያለ ስለነበር ብከተላት እደርስባት ነበር።

«ምን ፈልጋ ነው?» አለችኝ ደንበኛዬ።

«ተሳስታ ነው» አልኳት፣ በሶማሊኛ።

ከነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ ይህ ነው። ታሪኮቹን አንዲት ቃል ሳላጎድል አውቃቸዋለሁ፣ ቋንቋውንም አልረሳሁም፤ የምነግረው ሰው ፊቴ ሲቆም ግን ከአፌ የሚወጣው ውሸት ነው።