እትዬ ጓዳ አታጠፋም

ሚስቴን በምትሠራበት ማተሚያ ቤት "እትዬ ጓዳ" ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የማተሚያ ማሽኑ ሠራተኛ ነው። ደንበኛ መጥቶ ከዓመታት በፊት ያሠራሁት የሠርግ ጥሪ ወይም የሱቅ ማስታወቂያ እስካሁን ይኖራችኋል ወይ ሲል፣ ሠራተኛው ከማሽኑ ቀና ሳይል በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ክፍል ይጠቁምና "ጓዳ ግባ" ይለዋል። ጓዳው እሷ ናት። መስኮት በሌለው ክፍል ሁለት ስክሪን ፊት ተቀምጣ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ስትፈልግ ያገኛታል። ፋይል ግን ጠፍቶባት አያውቅም።

ሥራዋ ዲዛይን ነው። የሌላውን ዲዛይነር ኮምፒውተር ብትከፍቱ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ የመጨረሻ"፣ "በቃ ይሄኛው ነው" የሚሉ ፋይሎች ተደራርበው ታያላችሁ። እሷ ፎቶና ዲዛይን የምታደራጅበት ሶፍትዌር አላት። የገባ ነገር ሁሉ የባለቤቱ ስም፣ ዓመቱ፣ ምን እንደሆነና ምን እንደሚመስል ሳይጻፍበት አያድርም። አንዱ መጥቶ "ያችን ንፋስ ጃንጥላ የገለበጠብኝን ፎቶ" ካላት "ጃንጥላ" ብላ ትጽፋለች፤ ሰውየው ከነጃንጥላው ይመጣል።

አንድ ሕግ አላት፤ አታጠፋም። ደንበኛ ይሄ ይውጣልኝ ሲል ያ ነገር ያለበትን ንብርብር፣ ሌየሩን፣ ትደብቀዋለች እንጂ አትሰርዘውም። ከእያንዳንዱ ሌየር አጠገብ ትንሽ የዓይን ምልክት አለች። ሲነኳት ትጨፈናለች፣ ነገሩም ከፊት ይሰወራል፤ ከሥር ግን እንዳለ ነው። ደንበኛው በማግስቱ ተመልሶ ለካ የመጀመሪያው ይሻል ነበር ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ዓይኗን ትከፍትለታለች። አለቃዋ ዲስኩ ሞልቷልና አሮጌውን አጥፊ ባላት ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። አንድ ቀን ጠንከር ብሎ ሲመጣባት "መጀመሪያ እኔን አጥፋኝ" አለችው። ሌላ ዲስክ ገዛ።

ቤታችንም ያው ነው። ሳሎናችን ጥግ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ዘመድ አዝማዷ በሙሉ አለ። የእህቶቿን ስልክ፣ የአጎቶቿን አሮጌ አልበም ለቃቅማ አስገብታ፣ እያንዳንዱን ፊት ከሶፍትዌሩ ጋር አስተዋውቃዋለች። ስም ሲጽፉለት ያ ሰው ያለበትን ሁሉ ያወጣል። ፓስፖርት የሚያወጣው፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባው፣ ለቀብር የሚሆን ፎቶ የቸገረው፣ ሁሉም የሚደውለው ለእሷ ነው። እኔ ሚስት አገባሁ ብዬ ነበር፤ ለካስ ያገባሁት ፎቶ ቤት ነው።

ታላቅ ወንድሟን እኛ የቤቱ አማቾች "ሊቀመንበሩ" እንለዋለን። የሠፈሩ ኮሚቴ በሉት የወላጆች ኮሚቴ፣ እሱ ያልሰበሰበው ስብሰባ የለም፤ ምሳ ላይ እንኳ አጀንዳ ያስይዛል። ፊት ለፊት "እርስዎ" ነው የምለው፤ እዚህ ግን "እሱ" ይበቃዋል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እሱና ሚስቴ የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ከያዙ አይለቁም።

የመጨረሻ ልጁን ትንሿ እንላታለን። ትንሿ አባቷ ያልፈቀደውን ሰው አገባች። ሰውየው መኪና ጠጋኝ ነው፤ ሥራውን የሚወድ፣ ሰው የማይነካ። ሊቀመንበሩ ግን ሌላ አስቦላት ነበርና ሠርጓ ላይ አልቆመም። በማግስቱ ለዘመድ ሁሉ እየደወለ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ የምትባል ልጅ የለኝም አለ። ዘመዱም ለሰላም ብሎ አፉን ዘጋ። ይሄ ለሰላም የሚባል ነገር ስንቱን እንዳስቀበረ እኔ አውቃለሁ።

አማቴ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ልጆቻቸው ድግስ አሰቡ፤ ለሳሎናቸው ግድግዳም ትልቅ የቤተሰብ ፎቶ እንዲታተም ተስማሙ። ሁሉም ልጆች ከነልጆቻቸው በእናታቸው ዙሪያ የቆሙበት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ትንሿ የተመረቀች ዕለት የተነሱት። ጋዋኗን ለብሳ ከአባቷ ጎን ቆማለች። እሱ እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሎ፣ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ይስቃል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ከረባቱን አስሮ ቤታችን መጣ። ሶፋውን ትቶ ከሚስቴ ጎን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ውሳኔውን አሳወቀ። ትንሿ ከትልቁ ፎቶ ትወጣለች። ዘመድ ሁሉ ፎቶ የሚወስደው ከዚህ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ ከዚህም ውስጥ ካለችበት ሁሉ ትሰረዛለች። ሌሎቹ እህቶችና ወንድሞች ተስማምተዋል። ከመቀመጫዬ ተነስቼ አፌን ልከፍት ስል ሚስቴ በዓይኗ ተቀመጥ አለችኝ። ተቀመጥኩ።

የታዘዘች መስላ የትንሿን ስም ጻፈች። ስክሪኑ ሞላ። ትንሿ በአባቷ ትከሻ ላይ፤ አባቷ ተንበርክኮ ጫማዋን ሲያስርላት፤ አባትና ልጅ ዝናብ ደብድቧቸው በር ላይ ሲሳሳቁ። ሚስቴ ቀስ እያለች ወደ ታች አወረደችው፤ ማለቂያ አልነበረውም። ከዚያ ሶፍትዌሩን ሌላ ነገር ጠየቀችው፤ ሊቀመንበሩ ያለበትን፣ ትንሿ የሌለችበትን። ስክሪኑ ሳሳ። ስብሰባ። ሪባን ሲቆርጥ። ስብሰባ። የምስክር ወረቀት ሲሰጥ። ጉርድ ፎቶ። አንዱም ላይ አይስቅም።

"እሷን ካጠፋኋት የምትቀረው ይሄ ነህ፣ ጋሼ" አለችው።

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ያየ መሰለኝ፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። እሺ ሌላው ይቆይ፣ ከትልቁ ፎቶ ብቻ ቁረጫት አለ። ቀኑን ሙሉ ሰው ስትቆርጪ ነው የምትውዪው፣ አንዲት ልጅ አቃተችሽ ወይ ብሎም ጠየቃት።

ፎቶውን ከፈተችና እጁ ስክሪኑን እስኪሞላው ድረስ አጎላችው።

"መቁረጡስ አያቅተኝም" አለች። "እጅህ ግን ትከሻዋ ላይ ነው። እጅህን የት ላድርገው?"

"ፈልጊለት።"

"አልፈልግለትም። አልቆርጣትም፤ አላጠፋትም፤ እናቴ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ውሸት እኔ አላትምም። ከፈለግክ እኔንም እህቴ አይደለሽም በለኝ፤ ከትንሿ ጋር ሁለት እንሆናለን።"

እምቢ ማለቱ ቀልሏት እንዳይመስላችሁ። አባታቸው ሲሞት ያሳደጋት እሱ ነው። ትምህርት ቤት በገባችበት ቀን እጇን ይዞ የቆመበት ፎቶ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ሊቀመንበሩ ፎቶውን በፍላሽ እንድትሰጠው ጠየቀ፤ ለሌላ ማተሚያ ቤት ሊሰጠው ነው። የሁላችንም ነው ብላ ገልብጣ ሰጠችው። ደህና ዋሉም ሳይል ወጣ።

በዚያ ሳምንት ስልኳ አላረፈም። አንደኛዋ እህቷ አለቀሰችባት፤ ታናሽ ወንድሟ እናታችንን በዚህ ዕድሜዋ ልታስጨንቂያት ነው ብሎ ተቆጣት። ለሁሉም መልሷ አንድ ነው፤ እምቢኝ አሻፈረኝ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ሳሙና ሳታስነካ ሳህን አጥባ ትደረድር ነበር። እኔም መልሼ አጥበው ነበር።

የድግሱ ቀን ፎቶው ጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ጠበቀን። ሊቀመንበሩ ስለ ቤተሰብ አንድነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገና ጨርቁን ገለጠው። ለሌላው ማተሚያ ቤት እውነቱን ልስጠው፤ ንጹሕ ሥራ ነው። ትንሿ በቆመችበት ቦታ አንድ ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ገብቷል። የሊቀመንበሩ እጅ ከማስቀመጫው አንገት ላይ አርፏል። ፊቱን ወደ አበባው አዙሮ፣ ከልቡ ይስቃል።

ሰዉ አጨበጨበ፤ ከዚያ ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ ነኝ።

አማቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። ዓይናቸው ደክሟልና ግድግዳው ድረስ ተጠግተው አዩት። በጣታቸው የልጅ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ እየነኩ መጥተው አበባው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ልጄ" አሉት ዞረው። "ሰው ለአበባ እንዲህ ይስቃል?"

ሊቀመንበሩ ከረባቱን አስተካከለ።

"እዚህ ጋ እኮ ልጅህ ነበረች።"

ሊቀመንበሩ ቀኝ እጁን አየውና ኪሱ ውስጥ ከተተው። እውነት ለመናገር አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ ነበር፤ የሚስቴን ፊት ሳይ ግን ደስታዬን ዋጥኩት። እሷ የምታየው ፎቶውን ሳይሆን ያንን ኪስ ነበር።

እንግዳው ሲበተን አማቴ ፎቶውን አስወርደው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አስዙረው መልሰው አሰቀሉት። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው፤ የሚያየው ሰው ጣውላና ምስማር ያያል። ልጆቻቸው ይነሳ ቢሏቸው እምቢ አሉ። ሁለቱ ልጆች ግትርነቱን ከየት እንዳመጡት ያኔ ገባኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሊቀመንበሩ ደወለ። አጠገቧ ነበርኩ፤ ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነው። ያ ፎቶ፣ የመጀመሪያው፣ እሷ ያለችበት፣ አሁንም አለሽ ወይ አላት።

"አለ። እኔ ቤት ምን ጠፍቶ ያውቃል?"

በስልክ ላኪልኝ አላት።

"አልልክም፣ ጋሼ። መጥተህ ውሰድ። ብቻህን ግን አትምጣ።"

እስካሁን አልመጣም። ፎቶው ግን በትልቁ ታትሞ፣ ተጠቅልሎ፣ ከበራችን ጀርባ ቆሟል። ከመሥሪያ ቤቷ ተሸክማ ያመጣችው ራሷ ናት። ትናንት ቤት ሳጸዳ መንገድ ስለዘጋብኝ ወደ ዕቃ ቤት ልወስደው አነሳሁት።

"አስቀምጠው" አለችኝ ከኮምፒውተሯ ሳትዞር። "እዚያው በር ላይ ይሁን። ሲመጡ ደጅ ቆመው እንዳይጠብቁ።"