ሐጂ ነስሩና ሳይሞቅ የሚፈተን ሞተር

በጅማና በዙሪያዋ ያገለገለ መኪና ለገዛችሁ ሁሉ፦ ሐጂ ነስሩ ባለፈው ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ወደ አኼራ ሄደዋል። ዕድሜ ጠግበው፣ ሳይሰቃዩ ነው ያረፉት፤ ስለዚህ ኀዘናችን ምስጋና ያለበት ነው።

ሐጂ ከአጋሮ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሁሉ እሳቸውን ይዞ ይሄድ ነበር። መጀመሪያ የሚጠይቁት ግን ስለ መኪናው አልነበረም። እኔን «ማታ ማን ይጠብቅሻል?» አሉኝ። ከጅማ ወጣ ብሎ ባለው ደዶ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ከተማው ውስጥ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለችው እናቴ ግማሽ አካሏ አይታዘዝላትም። ቀን የምትይዛት ጎረቤታችን ሲመሽ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች። መንገድ ላይ የምታስቀረኝ መኪና ብገዛ ወይ ሥራዬን ወይ እናቴን መተዌ ነበር።

የእኔ ልብ ግን አንዲት ቀይ ባለ ቱርቦ መኪና ላይ አርፎ ነበር። ጠዋት ሄድን። ሐጂ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ፤ ሞቋል። ሻጩ «ለእርስዎ ክብር ብዬ ቀደም አድርጌ አስነሳኋት» አላቸው።

«ክብሩን ተቀብያለሁ። ነገ ሳትነካት እንመጣለን» አሉና ፈገግ አሉ።

በማግስቱ ቀዝቅዛ ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። ለካስ ዘይት ትበላ ኖሯል። አኮረፍኩ፤ ያውም እሳቸው ላይ።

«ኢንታለ ኮ፣ ልጄ፣ ደህናዋ ቱርቦም ብትሆን ስትታመም ሐኪሟ አዲስ አበባ ነው። የአንቺዋ ሐኪም እዚሁ ጅማ ይሁን» አሉኝ። አመድማ ቀለም ያላት፣ ባለ አራት ፒስተን ተራ የቤንዚን መኪና አስገዙኝ። ጭነት ለሚያመላልስ ነጋዴ ግን ናፍጣ ይመርጡ ነበር፤ «ናፍጣ ለሩቅ መንገድ ነው፤ ሱቅ ድረስ ብቻ ሲላክ ያኮርፋል» ይሉ ነበር።

የራሳቸውን መኪና የሚያስነሳላቸው ሰፈርተኛው ነበር፣ ገፍቶ። ስንስቅባቸው «በወጣትነቴ በዓይኔ መረጥኳት፤ ወላሂ፣ አሁን አልፈታትም» ይሉን ነበር።

ሐጂ፣ የመረጡልኝ መኪና ስንት ክረምት የደዶን ዳገት ወጣች። እናቴ ዛሬም ጀምበር ስታዘቀዝቅ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትቀመጣለች። አላህ ማረፊያዎን ያስፋልዎ። ከለቅሶዎ ስመለስም ሳይመሽባት ደርሼላታለሁ።