ሳያዩት ያሰናበቱት ልጄ

ልጄን ያሰናበተው ሰው ስሙን እንኳ አስተካክሎ አልጠራውም። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2020 ነው። ልጄ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነው፤ ቦታው የመከላከል መስመር ላይ ነው። ኳሷ ስትነሳ ከፊቱ የተገተረውን ግዙፍ ሰው ገፍቶ ማለፍና ኳስ ወርዋሪውን መጣል ነው ሥራው። ሃይስኩል እስኪጨርስ ቅርጫት ኳስ እንጂ ይህን አያውቅም ነበር። ኮሌጅ ሲገባ ቁመቱንና ፍጥነቱን አይተው ፉትቦል ቡድኑ ውስጥ አስገቡት። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ደግሞ ከሌላ ስቴት አንድ የፕሮፌሽናል ቡድን ወሰደው። የመስመሩ ኮች ደወለና፣ «ልጃችሁ ገና ጥሬ ነው» አለን። «ግድ የለም፣ ሁለት ዓመት ስጡኝ፤ ሰው አደርገዋለሁ።»

ባለቤቴ በአማርኛ፣ «እስከ ዛሬ ምን ነበር?» አለች። እኔ ዝም አሰኘኋት። ልጄ መምህር አገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በኮቪድ ምክንያት ቡድኑ ግቢውን ስለዘጋ ትምህርቱ በዙም ሆነ። ልጄ ፎረስት ፓርክ ከተማ፣ እኛ ቤት፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ይማራል። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሥራ ፈትቼ ስለነበር ከኋላው ቆሜ አያለሁ። ኮቹ የሚያወራው ከነባሮቹ ጋር ነው። አንድ ቀን ልጄ እጁን አወጣ፤ ግራ እግሩ ለምን እንደሚዘገይበት ጠየቀ።

«ስትመጣ አሳይሃለሁ» ብሎት አለፈ።

ጂሙም ዝግ ነበር። የሚገፋው ሰው ስላጣ እኔ ቆምኩለት። አሮጌ ፍራሽ ደረቴ ላይ በገመድ አስሬ ጓሮ ወጣሁ። «አባ፣ ሎወር። ጉልበትህን እጠፍ» ይለኛል፤ ከዚያ እጆቹን ከብብቴ ስር አስገብቶ ያነሳኛል። ጎረቤታችን፣ ያገራችን ልጅ ናት፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ ምን አድርገውት ነው እንዲህ የሚገፋዎት?» አለችኝ።

«እያስተማርኩት ነው» አልኳት፣ ወገቤን ይዤ።

ቀልዴን አልነበረም። ያን ጊዜ ሌላ አስተማሪ አልነበረውም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ካምፕ ገባ። አዲስ ልጆች የሚታዩባቸው የሙከራ ጨዋታዎች ግን በሙሉ ተሰርዘው ነበር። ጥቂት ሳምንት ከነባሮቹ ጀርባ ተሰልፎ ተራ ሲጠብቅ ከረመ። ኮቹ የግራ እግሩን ነገር አላነሳም። አንድ ማለዳ ከቢሮ የተላከ ሰው በሩን አንኳክቶ፣ ስሙን አበላሽቶ ጠራና ዕቃውን እንዲሸክፍ ነገረው።

«አባ፣ ካት አደረጉኝ» አለኝ በስልክ።

«ምን አጠፋህ?»

«ናቲንግ። ምንም አላደረግኩም። ምንም እንዳደርግ ዕድል አልሰጡኝም።»

መኪናዬን አስነስቼ ሄጄ አመጣሁት። መንገድ ላይ፣ «ኮቹ ገና አልደረስክም አለኝ» አለ። ማን ሊያደርሰው ነበር? እንዳልደውል ለመነኝ። ደወልኩ።

«ሁለት ዓመት ስጡኝ ብለህ ነበር» አልኩት በዚያችው እንግሊዝኛዬ። «አምስት ወር እንኳ አልሞላህም። እሱንም ቢሆን ፊቱ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

«ሰር፣ ይህ ቢዝነስ ነው» አለኝ።

«ቢዝነስ ነው ብለህ አይደለም የወሰድከው። አስተምረዋለሁ ብለህ ነው።»

ስልኩን ዘጋብኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ጸደይ፣ ሚያዝያ ገደማ፣ ሌላ ቡድን ለሙከራ ጠራውና ወሰደው። እዚያ ያገኘው ኮች ሽማግሌ ነው። ሁሉም ሲሄድ ያስቀረውና ግራ እግሩን ብቻ ያሠራው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንንም እንዲነካ አልፈቀደለትም። ትዕግሥት እንጂ ተአምር አልነበረም። ኅዳር ውስጥ በአንዱ እሑድ ሜዳ ገባ። ባለቤቴና እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን ስናይ፣ ከፊቱ የነበረውን ሰውዬ አልፎ ኳስ ወርዋሪውን መሬት ላይ ጣለው። ባለቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ፣ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ። የት ነበራችሁ እናንተ?

ማታ ልጄ ደወለ። የመጀመሪያው ኮች ቴክስት አድርጎለታል፤ ሁልጊዜም እተማመንብህ ነበር ይላል።

«ምን አልከው?»

«ታንክ ዩ፣ ኮች።»

እንዲህ አድርጋ ያሳደገችው እናቱ ናት። ልጄ ይቅር ብሎታል። እኔ ግን አላልኩም።