አማቴ በገዛ ጂፓቸው

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ከእኔ ሜትር ያመለጠ ትከሻ የለም ብል የማጋንነው ትንሽ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የማውቀው መኪና የስፌት መኪና ብቻ ነበር፤ እሱም በእግር የሚነዳው። ስለዚህ በአማቴ ጓሮ ወድቃ የኖረችውን አሮጌ ጂፕ አድሳለሁ ብዬ የተነሳሁ ዕለት ባለቤቴ የሳቀችው ሳቅ ዓለም ከተማ ድረስ ተሰምቷል። ነፋሱ ወደዚያ ነበር።

ቀለሟ በአንድ ወቅት አረንጓዴ ነበር ይባላል። እኔ ስደርስባት ከጣሪያ እስከ ጎማ ዝገት ነበረች፤ ዝገቱን ጠርገን ብንጨርስ የሚተርፈን መሪውና የአማቴ ትዝታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኮፈኗ ሥር ወፎች ጎጆ ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው፣ ድረው፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። የሾፌሩ ወንበር ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ታቅፋ ትውላለች። በሩን በከፈትኩ ቁጥር መንጃ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ትራፊክ ፖሊስ ታፈጥብኛለች።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ናቸው። ያቺን ጂፕ በሥራ ዘመናቸው ሲነዷት ኖረው፣ መሥሪያ ቤቱ አርጅታለች ብሎ በጨረታ ሲያወጣት ራሳቸው ገዟት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ንግሥ፣ ቀየት ከሚባለው ቦታ ወዲያ ወዳለው የትውልድ ደብራቸው፣ ጎረቤቱን ሁሉ አጭቀው ይሄዱባት ነበር። አንድ ቀን ጂፗ ጓሮ ገባችና አልነሳም አለች። አማቴ በቅሎ ጀመሩ። ቀጥሎ ወገባቸው በቅሎውን አልችልም አለ። ወደ ደብሩ ሚኒባስ አይሄድም። በኮንትራት መኪና ልውሰድዎት ስላቸው ደግሞ፣ «ራሴ ሰው ሳደርስበት በኖርኩት መንገድ እንደ ገብስ ጆንያ ልጫን?» አሉኝ።

በመጨረሻ የሰፈሩ ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። «አባባ፣ ተሸክመን እናድርስዎት፤ በረከቱ ለእኛም ይተርፋል» አሏቸው። አማቴ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቃሬዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ። እኔ በቃሬዛ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው አንድ ቀን ብቻ ነው። የዚያን ቀን ሳልጠራችሁ ትመጣላችሁ።»

ቃሬዛው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ኅዳር ሚካኤል በመጣ ቁጥር አማቴ ጓሮ ይወጡና ጂፗ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ቀየት አዙረው፣ ዝም ብለው ይውላሉ። እኔ ለሁሉ ነገር ቀልድ አለኝ፤ ለቀብርም አላጣም። ለዚያ ዝምታ ግን አጣሁለት። መቀሴን አስቀምጬ መፍቻ ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ከሥራ ስወጣና እሑድ እሑድ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ገፋሁበት። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ስፍቀው ከሚነሳው ቀይ አቧራ የተነሳ ለሁለት ክረምት የሰፋሁት ነጭ ሸሚዝ ሁሉ ቀይ ዳማ ነበር ብል እመኑኝ። ግቢያችን አንድ ስለሆነ ባለቤቴ በመስኮት ብቅ እያለች፣ «አንተ ሰውዬ! ደንበኞችህ ራቁታቸውን ሊሄዱ ነው፤ ሱሪያቸውን መልስላቸው!» ትለኛለች። ያልገባኝን ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ እማራለሁ። ዕቃ ሲያስፈልገኝ አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ እወርዳለሁ። እዚያ የማይገኝ የመኪና ዕቃ የለም። ጥቂት ብቆይ እኔንም ፈትተው በየዓይነቴ ይደረድሩኝ ነበር።

ትልቁ ችግር ወለሉ ነበር። ዝገቱ በልቶት በልቶት፣ ሾፌሩ ሲቀመጥ እግሩ መሬት ይነካል። እኔም እንደ ሙያዬ ወረቀት ዘርግቼ ልኩን ወሰድኩ፤ ለኮት ጀርባ እንደማደርገው በኖራ አሰመርኩ፤ ላሜራውን አስቆርጬ አልጋና የቆርቆሮ በር ወደሚበይደው ጎረቤቴ ሄድኩ። በያጁ ላሜራውን አስገብቶ ሞከረው፤ አወጣው፤ ገልብጦ ሞከረው።

«ጋሼ፣ በአራቱም ማዕዘን ትርፍ አለው እኮ።»

«ለስፌት ነዋ!» አልኩት፣ ምን ነካው ብዬ። «ትርፍ ሳይተው የሚቆርጥ ሰፊ አለ?»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ አወጣ። «ሲታጠብ ይገባል ብለው ነው?»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ገባ። ለብረት የስፌት ትርፍ የተወ ሰው ተብዬ ሰነበትኩ። እኔ ግን ትርፉን አላስቆረጥኩም፤ እንደ ሱሪ ጫፍ አጥፈን፣ በመዶሻ ቀጥቅጠን፣ ድርብ አድርገን አስበየድነው። በልቤ፣ ይህ ወለል ዝሆን ይሸከማል አልኩ። ለመንዝ ዝሆን ማን እንደሚያመጣ አላሰብኩበትም።

ወንበሩን የመንዝ በግ ጠጉር ሞላሁት፤ ላዩን ጥቁር ባና፣ የአገራችንን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አለበስኩት። ይህን ሥራ ማንም አያሾፍበትም። እንዲያውም ቀይዋ ዶሮ አዲሱን ወንበር አይታ ከነጫጩቶቿ ልትመለስ ሞክራለች።

በሁለተኛው ክረምት፣ ሞተሩ ገና በጆንያ ላይ ተበትኖ እያለ፣ አፌ ጉድ ሠራኝ። በወር በወሩ የምንሰበሰብበት የሚካኤል ማኅበር አለን። ተራው የእኛ ቤት ነበር፤ ጠላው ጥሩ ነበር፤ እኔም ብድግ አልኩና፣ «ለዘንድሮው ኅዳር ሚካኤል አባባን በገዛ ጂፓቸው ደብራቸው አደርሳቸዋለሁ!» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢያችን፣ እንባውን እየጠረገ፣ «አንተ አይደለህ አምና ብርዱ መቀሴን አደነዘዘውና ጨርቁ ራሱ አዝኖልኝ ተቀደደ ያልከን?» አለኝ።

«እሱ ቀልድ ነው። ይሄ እውነት ነው።»

«እንግዲያው ፍርድ እንስጥህ። ካላደረስካቸው፣ ዓመቱን ሙሉ በዚህ ማኅበር ትበላለህ፣ ትጠጣለህ፣ ግን አትተነፍስም!»

«ይጽና!» አለ ማኅበርተኛው በአንድ ድምፅ። እንዲህ ተስማምተን አናውቅም።

ያልሳቁት አማቴ ብቻ ነበሩ። ጥጋቸው ላይ ሆነው ዋንጫቸውን አስቀመጡና ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ክላክሷ ይሠራል?»

ሳቁ ቆመ። ሰውየው አምነውኛል! ዕድሜ ልኬን ሳወራ ማንም አምኖኝ አያውቅም፤ እንዴት እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። «ይሠራል አባባ» አልኩ። ክላክሱ እኮ ገና አልተገዛም።

ከዚያ በኋላ ቀልድ ቀረ። ሞተሩን መልሼ ገጠምኩ። ካንዴላ ቀየርኩ፤ ፍሬኑን በያጁ እየረገጠልኝ፣ እኔ ከሥር ተኝቼ፣ ደጋግሜ ፈተንኩት። ክላክሱንም ከደብረ ብርሃን አስመጣሁ። የንግሡ ዋዜማ ጂፗ ተነሳች! ስላረጀች ሳይሆን ስለበረዳት ትንሽ አሳላት፤ ግን ከተማውን አንድ ዙር አዞረችኝ። ውሾቹ መኪና አይተው እንደማያውቁ ተከተሉኝ። አማቴ ከበራቸው ሆነው ጆሯቸውን አዘንብለው ሳሏን አዳመጡና፣ «እሷ ናት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ያን ሌሊት እንደ ሙሽራ አደርኩ።

ጠዋት ጓሮው ሞልቷል። ማኅበርተኛው ከነሙሴው ነጠላውን አጣፍቶ የእኔን አፍ ሊቀብር መጥቷል። አማቴ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ቁልፉን አዞርኩ። ጂፗ አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ጸጥ። ደገምኩ፤ ጸጥ። ባትሪውን አየሁ፤ ደህና ነው። ካንዴላ ፈትቼ ጠረግሁ፤ ምንም። «እንግፋት!» አልኩ። ዝም ሊያሰኙኝ የመጡት ሰዎች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከጓሮ እስከ አውራ መንገዱ፣ ከአውራ መንገዱ እስከ ጓሮ ገፏት። አንዲት ጭስ አላወጣችም። ሙሴው እያለከለከ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና፣ «እሽሽሽ» አለኝ። «ከአሁኑ ተለማመድ።»

አማቴን ላለማየት ኮፈኑ ውስጥ ተደበቅሁ። ግን አየኋቸው፤ በርጩማቸውን በዓይናቸው እየፈለጉ ነበር።

ይህን ጊዜ የባለቤቴ እናት ትንሿን ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው መጡ።

«ልጄ፣ የቀረውንም ላጠጣት እንዴ?»

«ምኑን እማማ?»

«ጠበሉን ነዋ! ትናንት ስታስል ሰምቼ አሳዘነችኝ። አንተ ብረቱንም ዘይቱንም ሞክረህላታል፤ ጠበል ግን አልቀመሰችም። ማታ አፏን ከፈትኩና አጠጣኋት።»

ያሳዩኝ አፏን የቤንዚን መሙያውን ነው።

«ብዙ አጠጧት?»

«ኧረ ትንሽ ነው። እስክትጠግብ።»

እንግዲህ ሚስትን መቆጣት ይቻላል፤ በያጅን መቆጣት ይቻላል። የሚስት እናት ላይ፣ ያውም በሚካኤል ቀን፣ ያውም ስለ ጠበል፣ አፍ የሚከፍት ወንድ በመንዝ ምድር አልተወለደም። ከንፈሬን ነከስኩ። ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ አማቴ ናቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው እየሳቁ ነው።

«እንዴ አንቺ! እኔ ስንት ዓመት ሳስል እንዲህ አጠጥተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ልቤ ተመለሰ። ውሃ ከቤንዚን ሥር ይዘቅጣል፤ ከማጠራቀሚያው ሥር ደግሞ ብሎን አለ። ፈትቼ ውሃውን ላፈስ መፍቻዬን ይዤ መሬት ላይ ተንጋለልኩ።

«ቁም!» አሉ እማማ። «ጠበል ሰው በሚረግጠው መሬት ላይ ልታፈስ ነው?»

«ቤንዚን ገብቶበታል እኮ እማማ» አለ ሙሴው በትሕትና።

«ቤንዚን ስለገባበት ጠበልነቱን ይረሳዋል?»

ሙሴው መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። እማማ ለእንግዳ ብቻ የሚያወጡትን አዲስ ጎድጓዳ ሳህን አመጡ። እኔ ከሥር ተኝቼ ብሎኑን ስፈታ፣ ሳህኑን ሙሴው በሁለት እጁ ያዘ፤ ማኅበርተኛው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ዘይት ቀይሮ የሚያውቅ ሁሉ ይፍረደኝ፤ እንዲህ በሥርዓት የተፈታ ብሎን በዓለም ላይ የለም። ጠበሉ ወርዶ ወርዶ ንጹሑ ቤንዚን ሲመጣ ዘጋሁት። ሳህኑን እግር ወደማይደርስበት፣ አጥሩ ጥግ ወዳለው የጽድ ዛፍ ወስደን ሥሩ አፈሰስነው። ጽዱ እስከ ዛሬ ደህና ነው፤ ብቻ አጠገቡ ክብሪት አላስጭርም።

ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቱቦ በአፌ ነፋሁ፤ የቤንዚን ጣዕም እስከ ፋሲካ አልለቀቀኝም። አዲስ ቤንዚን ጨመርኩ። ቁልፉን አዞርኩ። አሳላት፤ አነጠሳት፤ ከዚያ ጓሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ! ቀይዋ ዶሮ አጥር ዘለለች። እማማ እልል አሉ። «አላልኳችሁም? ጠበሉ እስኪሠራ ጊዜ ይወስዳል እንጂ!» እስከ ዛሬም በእሳቸው ዘንድ ጂፗን ያስነሳሁት እኔ አይደለሁም።

አማቴ ማንም ሳይደግፋቸው አንድ እግር፣ ቀጥሎ ሌላውን አስገብተው ባናው ላይ ተቀመጡ። እማማና ባለቤቴ ከኋላ ገቡ፤ ሙሴው፣ በያጁና ማኅበርተኛውም ሳይጠሩ ተጫኑ። መሐል ሜዳን ወጥተን ሜዳው ሲከፈት ብርዱ ፊታችንን መላጨት ጀመረ፤ የበግ መንጋ በግራ በቀኝ ተበተነ። እኔ ነው የምነዳው፤ አማቴ ግን ከአጠገቤ ሆነው እሳቸውም ይነዳሉ። በየኩርባው ቀኝ እግራቸውን ወለሉ ላይ ድም! ያደርጉታል።

«ፍሬን! ፍሬን ያዝ! ማርሽ ቀንስ አንተ፣ የስፌት መኪና አደረግካት እንዴ?»

ያን ያህል ሲረግጡት፣ ያ የተሳቀበት ድርብ ወለል ንቅንቅ አላለም። በያጁን ከኋላ በመስታወት አየሁት፤ አቀርቅሮ ይስቃል።

ከደብሩ በላይ አንድ ኩርባ አለች። ድሮ አማቴ እዚያ ሲደርሱ መድረሳቸውን በክላክስ ያሰሙ ነበር። ፍጥነቱን ቀነስኩ፤ መሪውን ወደ እሳቸው ትንሽ ለቀቅኩላቸው። እጃቸው መሐሉ ላይ፣ ክላክሱ ላይ፣ አረፈ። ረዥም፣ ሁለት ጊዜ።

ታች ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ቀና አለ። ስንጠጋ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው፣ «እንዴ! እሱ እኮ ነው! ክላክሱ የእሱ ነው!» ሲሉ ሰማኋቸው። የክላክሱን አዲስነት አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም። ታቦቱ ገና አልወጣም ነበር። አማቴ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ተቀምጠው መጥተው፣ በእግራቸው ወርደው፣ በከዘራቸው እስከ አጥሩ ተራመዱና ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አደረጉ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁ። ብርዱ ዓይን ያስለቅሳል።

በሚቀጥለው ማኅበር ሙሴው ዋንጫውን አንስቶ፣ «ፍርዱ ተሽሯል። በል ተናገር፤ ዛሬ እኛ ዝም እንላለን» አለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አማቴ ቀደሙኝ።

«ከቀየት ወዲያ ያለችው ቁልቁለት ላይ፣» አሉ በርኖሳቸውን እያስተካከሉ፣ «ጎማዋ መሬት አልነካም። አሞራ ተከትሎን ደከመውና ጣሪያዋ ላይ አርፎ ነው የሄደው። ታቦቱም እኔን ሲጠብቅ ነው የዘገየው።»

ማኅበርተኛው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?» አለ ሙሴው። «አንተ ነህ የነዳኸው።»

አማቴን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ።

«አባባ ቀንሰው ነው የነገሯችሁ» አልኩ፣ ጠላዬንም አነሳሁ። እሳቸው ቀጠሉ። እኔም እስከ ማታ ድረስ አንድ ቃል አልወጣኝም፤ ማንም ሳይፈርድብኝ።