መምህር ጌታሁን እና የወንድሜ ሙግት

መምህር ጌታሁን ማረፋቸውን የሰማሁት መርሳ ባለው የመኪና መለዋወጫ ሱቄ ለአንድ ሾፌር የፍሬን ሸራ ሳወርድ ነው። አብራኝ የተማረች ነርስ ከወልድያ ደውላ «እትዬ በላይነሽ፣ መምህራችን አረፉ፤ ቀብሩ ነገ ነው» አለችኝ። ሾፌሩን በሌላ ቀን ና ብዬ ሱቄን ዘጋሁ።

ለቀብር ብዙ ሰው መጥቷል። እሳቸው በሕይወት ሳሉ «እምነት የሚያስክድ ትምህርት ነው የሚያስተምሩት» ሲሉ የነበሩ ሁለት ሰዎችም ከፊት ተቀምጠው አየሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። መምህር ጌታሁን የሚጾሙ፣ የሚያስቀድሱ ሰው ነበሩ።

እኔ ያወቅኋቸው በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ወልድያ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ለቅዳሜና እሑድ ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ኮርስ የፍልስፍና መግቢያ ነበር። ከዚያ ኮርስ ምን እንደሚጠበቅ ዛሬም ሰዎች ይጠይቁኛል። እሳቸው በመጀመሪያው ቀን የነገሩንን ልጻፍላቸው፦

«የዓለምን ምስጢር የምትጠብቁ ታዝናላችሁ። ሃይማኖታችንን ይነጥቀናል ብላችሁ የምትፈሩም በከንቱ ትፈራላችሁ። ብዙ ገጽ አናነብም፤ ጥቂቱን ደጋግመን እናነባለን። እዚህ ክፍል ‹ይመስለኛል› ያለ ሰው ‹ምክንያቱም› ሳይል አይቀመጥም።»

ከዚያ ውሸት ክፉ የሚሆነው ለምን እንደሆነ ጠየቁን። አንዱ ተነሥቶ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ። ሌላውም የራሱን ተረት ጨመረ። ሁላችንም ተረት ብቻ ይዘን ነበር የመጣነው። መምህር ፈገግ ብለው «ብርሌውን አየሁት፤ ጠጁስ የት አለ?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ሰውን ከመቃወምህ በፊት የእሱን ሙግት ትናገራለህ፤ እሱም «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ማለት አለበት። ሕጉ ለራሳቸውም ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ያቺ ነርስ ተከራከረቻቸው። ሙግቷን ከእሷ ይልቅ አሳምረው ከተናገሩ በኋላ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ከዚያ «ተረትቻለሁ» ብለው በጠመኔ ጻፉት። በእኛ አገር መምህር በተማሪ ፊት ተረታሁ ሲል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

የቤት ሥራው አጥብቀን የምንቃወመውን ውሳኔ መርጠን የወሰነውን ሰው ሙግት መጻፍ ነበር። እኔ ታላቅ ወንድሜን መረጥኩ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ሳለሁ፣ ከትምህርት ቤት አስቀርቶኛል። «ትምህርት ሴትን አይረባትም፣ እሷም አትረባም ብሎ ነው» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። መለሱልኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ አሁንም መለሱልኝ።

«ወይዘሮ በላይነሽ፣ ይህ የእርስዎ ቁጣ ነው። የእሳቸው ሙግት አይደለም። ይሂዱና ይጠይቋቸው።»

«ከለቅሶ ቤት በቀር አንነጋገርም።»

«እንግዲያው ኮርሱ ዛሬ ተጀመረ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ግን በሳምንቱ ወንድሜ ወዳለበት ውርጌሳ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው ከትምህርት ቤት ያስወጡኝ?» አልኩት።

«ይህን ለመጠየቅ ነው የመጣሽው?»

«ለቤት ሥራ ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ተናገረ። «እናታችን ታማ ነበር። ከሁለታችን አንዳችን መቅረት ነበረብን። አንቺ በትምህርት ትበልጪኛለሽ፤ ለትምህርት ከተማ ከሄድሽ አትመለሺም። እኔ ብሄድ ግን ፈተና ወድቄ እመለሳለሁ ብዬ ነው። እንዳልኩትም ወድቄ ተመለስኩ።»

አትረባም ብሎኝ ነው ስል ኖሬ ነበር። ጻፍኩት፤ አነበብኩለት፤ «ይኸው ነው» አለ።

መምህር ወረቀቱን ለክፍሉ ካነበቡ በኋላ «አሁን ይቃወሙ» አሉኝ። ተነሥቼ ተቃወምኩ። እንደምበልጠው ካወቀ መላክ የነበረበት እኔን ነው፤ የታመመችው ደግሞ የእሱም እናት ናት አልኩ። ከኋላ አንዱ «እትዬ፣ ይቅር በሏቸው እንጂ» ብሎ ጣልቃ ገባ። መምህር እጃቸውን አነሡ፦

«ይቅርታ የንስሐ አባት ጉዳይ ነው። እኛ የምንጠይቀው የወንድማቸው ሙግት ይቆማል ወይ ብለን ነው። አልቆመም።»

ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት አርባ ስድስት ዓመት ጠብቄአለሁ።

በመጨረሻ የሰጡኝ ውጤት ቢ ነው። የሚገባኝ ኤ ነበር፤ ይህን ዛሬም አልተውኩላቸውም።

መምህር ጌታሁን፣ እኔና ወንድሜ አልታረቅንም። ነገር ግን ገበያ በዋለ ቁጥር ሱቄ ይመጣል፤ እንከራከራለን። አርባ ስድስት ዓመት ከተዘጋጋን በኋላ ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። በቀብርዎ ዕለት ሳልጠራው ከውርጌሳ መጣ። አካፋ ተቀብሎ አፈር ሲያለብስዎ ቆሜ አየሁት። እኔን ከትምህርት ያስቀረ እጅ መምህሬን ቀበረ። ሲጨርስ ግን እጁን እንዲታጠብ ውኃ ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ።

በሰላም ይረፉ፣ መምህር።